ስለ ሥራ ጣውንትነት

በቋንቋችን ሴትና ሴት የሚጠላሉበትን ነገር የሚያመለክት አንድ የቆየ ቃል አለ፤ ይኸውም ጣውንት የሚለው ነው። ሁለት ሴቶች ለአንድ ባል ሚስቶች የሆኑ እንደ ሆነ አንዲቱ የሌላይቱ ጣውንት ትባላለች። እንግዲህ ቃሉ የተወለደው በቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ባሉ አንድ፣ ጎተራው አንድ፣ መሬቱም አንድ ሆኖ ሳለ የሚጠብቁት ሁለት ሲሆኑ፣ ለአንዲቱ የተጨመረው ሁሉ ከሌላይቱ የተቀነሰ ይሆናል። ስለዚህ ጣውንቶች የሚጣሉት በተፈጥሮ ክፉዎች ሆነው ሳይሆን፣ አንዲቱ ሳትጎድል ሌላይቱ ከማትሞላበት ቤት ስለ ገቡ ነው። ቤተ ክርስቲያን አንድ ለአንድ ብላ ብታጋባም ቃሉ ከሰው አፍ አልጠፋም፤ እንዲያውም ከቤት ወጥቶ ወደ ሥራ ቦታ ገብቷል።

ይህን የማለቴ ምክንያት እንደሚከተለው ነው። እኔ በጋይንት ተወልጄ፣ በጋይንትና በስማዳ በእስቴም የገጠር ትምህርት ቤቶች ብዙ ዓመት በመምህርነት አገልግያለሁ። ከእነዚያ ዓመቶች በአንዱ፣ በቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ሁለት ሴቶች ሲጫወቱ ሰማሁ። አንዲቱ፣ «የጤና ኬላዎቹ ልጆች ጣውንት ሆኑ አሉ» አለች። ሁለተኛይቱም፣ «የሴት ጠላቷ ሴት ናት፤ ምን ታደርጊዋለሽ» ብላ መለሰች፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ሄድሁ። ሁለቱን ልጆች አውቃቸዋለሁና። አንዲቱ ባለ ትዳር ናት፤ ሁለተኛይቱ ገና አላገባችም። የጋራ ባል የላቸውም። ታዲያ ባል የሌለበት ጣውንትነት ከየት መጣ? በመካከላቸው ያለው፣ ለአንዲቱ ሲሰጥ ለሌላይቱ የሚጎድልባት ነገርስ ምንድር ነው? አንባቢዎቼ ሆይ፣ ዛሬ ከእናንተ ጋራ ልመረምረው የምወደው ይህንኑ ነው።

አገሩን ለማያውቁት ጥቂት ልናገር። ጋይንት ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ አገር ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን የርብና የጉማራ ወንዞች ከእርሱ ይነሣሉ። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ናት፤ ስሟም እንደሚያስረዳው ነፋሱ ብርቱ፣ ብርዱም አጥንት የሚሰብር ነው። የታች ጋይንት ከተማ አርብ ገበያ፣ የስማዳው ወገዳ፣ የእስቴው መካነ ኢየሱስ ይባላሉ። በደጋው ገብስና ድንች ይበቅላል፤ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቆላ ሲወርዱ ጤፍና ማሽላ ይሆናል። ምድሩ በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ ስለ ሆነ፣ በዓይን የሚታይ መንደር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። ዝናብ በሚጎድልበት ዓመት ረኃብ ቶሎ የሚገባበት አገር ስለ ሆነ፣ የመንግሥት ደመወዝ ያላት አንዲት ሴት ልጅ ለቤተሰቧ ሁሉ መጠጊያ ናት። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የምናገረው ጠብ በጥጋብ የተነሣ አይደለምና።

በ1995 ዓ.ም. መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን የተባለውን ሥራ ጀመረ። ሥርዓቱም እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ ይሠራል፤ ቀበሌው እንደ ስፋቱ ቢለያይም አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ ይኖርበታል ተብሎ ይታሰባል። በኬላውም ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። በመጀመሪያ ይመረጡ የነበሩት 10ኛ ክፍል ከጨረሱት ከአካባቢው ልጆች ሲሆን፣ አንድ ዓመት ተምረው ይመለሱ ነበር። ሲጀመር 16 ዓይነት ተግባር ተሰጣቸው፤ ክትባት፣ የእናቶችና የሕፃናት እንክብካቤ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወባ መከላከል፣ የመጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ የመጠጥ ውኃ ንጽሕና፣ የመሳሰለው ሁሉ። ባለፉት ዓመቶች በመላው አገር የተሰማሩት ከሠላሳ ሺህ የሚበልጡ ሆነዋል። በእነርሱ ድካም ስንት ሕፃን ከሞት እንደ ዳነ የሚያውቅ ሁሉ ያመሰግናቸዋል፤ እኔም ከሚያመሰግኑት ወገን ነኝ።

ዳሩ ግን ይህን ሥርዓት እስቲ በሠራተኞቹ ዓይን እንመልከተው። ሁለት ወጣት ሴቶች ከከተማ ርቀው፣ በአንዲት አነስተኛ ቤት፣ በአንድ መዝገብ፣ በአንድ የክትባት ሣጥን፣ በአንድ ቁልፍ ይሠራሉ። አንዲቱ በኬላው ስትቀመጥ ሁለተኛይቱ በየጎጡ እየዞረች ቤት ለቤት ማስተማር አለባት። ተቀምጦ በሽተኛ መቀበልና ሙሉ ቀን ገደል መውጣትና መውረድ እኩል ድካም አይደለም። በወሩ መጨረሻ የሚላከው ሪፖርት ግን የሁለቱ ነው። ይህን ያህል ሕፃን ተከተበ፣ ይህን ያህል ጉድጓድ ተቆፈረ ተብሎ ይጻፋል እንጂ፣ የማን እግር እንደ ቆሰለ አይጻፍም። ደኅና ውጤት ሲገኝ ሁለቱም ይመሰገናሉ፤ ሲጎድል ግን ሁለቱም ተጠርተው ይጠየቃሉ፤ ያን ጊዜም እያንዳንዳቸው ወደ ባልንጀራቸው ዓይን ማየት ይጀምራሉ።

ከላይ ያነሣኋቸው ሁለቱ ልጆች ወደ ቀበሌያችን በመጡ ጊዜ እንዲህ አልነበሩም። ቤታቸው ከእኔ ቤት አጠገብ ስለ ነበረ አየሁ። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ መሶብ ይበሉ ነበር። አንዲቱ እንጀራ ስትጋግር ሁለተኛይቱ ውኃ ትቀዳ ነበር። የብርድ ልብሳቸው አንድ ነበረ፤ ከደመወዛቸው ላይ ተዋጥተው ሁለት በግ ገዝተው ያረቡ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ። ከሁለቱ አንዲቱ አግብታ ልጅ ከወለደች በኋላም ሁለተኛይቱ ሕፃኑን አዝላ ወደ ክትባት ስትወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ መንታ ይላቸው ነበር።

ጠቡ የመጣው በአንድ ወሬ ነው። የተማሩት ትምህርት ደረጃ 3 የሚባለው ሲሆን፣ ወደ ደረጃ 4 የሚያሳድግ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። ይህን የተማረች ሠራተኛ ደመወዟ ይጨምራል፤ ወደ ከተማ የመዛወር ተስፋዋም ይከፈታል። ነገር ግን ኬላው ባዶ እንዳይቀር ከሁለቱ አንዲቱ ብቻ ትሄዳለች ተባለ። ማን እንደምትሄድ፣ በምን ሚዛን እንደምትመረጥ፣ የቀረችውም በሚቀጥለው ዓመት ትሂድ ወይም አትሂድ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሥራቸውን ይመለከት የነበረው ሰው በመጣ ቁጥር አንዲቱን ለብቻዋ እየጠራ፣ «ስለ አንቺ እንዲህ ተብሏል፤ እስቲ አንቺስ ስለ እርሷ ምን ትያለሽ» ይል ነበረ። ይህን ሁለቱም በየተራቸው ነግረውኛል። እርሱም የሁለቱንም ቃል እየያዘ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ነገር ነው። ቁልፉ በአንዲቱ ኪስ ሲቀር ሁለተኛይቱ ሆን ተብሎ ነው አለች። በመዝገቡ ላይ የአንዲቱ ስም በቀደመ ጊዜ ሁለተኛይቱ ሰርዛ የራስዋን ጻፈች። ባለ ትዳሪቱ ልጅዋ ታሞ ሁለት ቀን በቀረች ጊዜ፣ ያላገባችው «ልጅ የወለደ ሁሉ ሥራውን በእኔ ጀርባ ይጭናል» ብላ ተናገረች። ባለ ትዳሪቱም ያላገባችው ወደ ሩቅ ጎጥ ሄዳ በምሽት በተመለሰች ጊዜ፣ ከማን ጋራ እንደ መጣች ጠየቀች፤ የጠየቀችውም ለብቻዋ ሳይሆን ቡና በሚጠጣበት፣ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማበት ነው። ያ አንድ ጥያቄ ከሰይፍ ይልቅ ቆረጠ። በገጠር ብቻዋን ለምትኖር ሴት ስሟ ቤቷ ነው፤ ስሟን ያፈረሰ ቤቷን እንዳፈረሰ ይቆጠራል። በጎቹም ተሸጠው ገንዘቡ ለሁለት ተካፈለ።

የጠቡን ዕዳ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ሕፃን አዝላ ከቆላው ጎጥ ለኩፍኝ ክትባት መጣች። በሩ ተዘግቶ አገኘችው፤ አንዲቱ «ዛሬ የእርሷ ተራ ነው» ብላ ነበር፤ ሁለተኛይቱም እንዲሁ። እናቲቱ በግድግዳው ጥላ እስከ ቀትር ተቀምጣ ተመለሰች። በሳምንቱ ደግማ መጣች፤ ያን ጊዜ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ የምታመጣው ማን ናት በሚለው ክርክር ሣጥኑ ባዶ ነበረ። ሦስተኛ ጊዜ የመጣችው በዝናብ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በበሩ ፊት ቆማ አገኘኋትና ቤቴ አስገብቼ እሳት አሞቅኋት። «እኅቴ፣ እናንተ የተማራችሁ ሰዎች የምትጣሉት በምንድር ነው? እኛ እኮ የምንጣላው በድንበር ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር አልታየችም።

እንግዲህ ወደ ተረቱ እንመለስ፤ የሴት ጠላቷ ሴት ናት የሚለው እውነት ነውን? እውነት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ሊፋቀሩ ባልቻሉም ነበር፤ በመጀመሪያውም ዓመት ሴቶች ነበሩና። የተለወጠው ተፈጥሯቸው ሳይሆን በመካከላቸው የተጣለው ነገር ነው። ደግሞም ወንዶች ሲፎካከሩ ምን እንደምንል እናስተውል። ዘመነ መሳፍንት በተባለው ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1855 ድረስ፣ የበጌምድርና የትግሬ፣ የጎጃምና የላስታ መኳንንት ለአንድ እንደራሴነት ሰማንያ ስድስት ዓመት ሲዋጉ ኖሩ። አባት ከልጅ፣ አማች ከአማች ተዋጋ፤ የጋይንትም ገበሬ የሁሉንም ሠራዊት ቀለበ። ይሁን እንጂ የወንድ ጠላቱ ወንድ ነው የሚል ተረት ከዚያ ዘመን አልተረፈልንም። የእነርሱን ጠብ የሥልጣን ጠብ ብለን በምክንያቱ እንጠራዋለን፤ የሴቶችን ጠብ ግን በጾታቸው እንጠራዋለን። ምክንያቱ ያልተጠራ ደዌ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

በጎንደር ታሪክ ሁለት ሴቶች ለአንድ ሥልጣን የተፎካከሩበት ነገር አለ። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ከሞቱ በኋላ ከሕፃኑ ልጃቸው ከዐፄ ኢያሱ ጋራ ዘውድ ጭነው ሀያ አምስት ዓመት አገር አስተዳደሩ። ኢያሱ በ1755 ሲሞቱ የእርሳቸው ልጅ ኢዮአስ ነገሠ፤ እርሱም ገና ልጅ ነበረ። ያን ጊዜ የኢዮአስ እናት ውቢት የሞግዚትነቱ ሥልጣን ለእኔ ይገባል አለች። ምንትዋብ የቋራ ዘመዶቻቸውን፣ ውቢት የወሎ ኦሮሞ ዘመዶቿን ይዘው ተፋጠጡ። ነገሩን ያረጋጋል ተብሎ ተጠርቶ የመጣው የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበረ። እርሱም ሥልጣኑን ለራሱ አደረገና በ1769 ኢዮአስን አስገደለ። የተገደለው ለአንዲቱ ልጅ፣ ለሌላይቱ የልጅ ልጅ ነበረ። ይህን ታሪክ የአማትና የምራት ቅናት ነው ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ወንበሩ አንድ ብቻ ነበረ፤ ከእያንዳንዳቸውም በስተ ኋላ ብዙ ወንዶች ቆመው ይገፉ ነበር። ሁለተኛ፣ በሁለት ሰዎች ጠብ ሦስተኛው ሲያተርፍ፣ የሚጠፋው ሁለቱም የሚወዱት ነገር ነው።

ታዲያ ፉክክር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የምትባል የድጓ ማስመስከሪያ ደብር አለች፤ በዚሁም አካባቢ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ትምህርት ቤት ናት። ከየአገሩ የመጣ ደቀ መዝሙር በቤተ ልሔም ተቀምጦ፣ ድጓውን በዚያ ባለው መጽሐፍ እያረመ፣ በመምህሩ ፊት ይመሰክራል። ተማሪዎቹ ይፎካከራሉ፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ለመዝለቅ ሌሊቱን በቃል ጥናት ያነጋል። ግን የፉክክራቸው ሥርዓት ሦስት በጎ ነገር አለው። ሚዛኑ የታወቀ ነው፤ መጽሐፉ አንድ፣ ዜማውም አንድ ነውና። ምስክሩ በግልጽ ነው፤ ማንም በጓሮ ተጠርቶ ስለ ባልንጀራው አይጠየቅም። ከሁሉም የሚበልጠው፣ አንዱ ሲመሰክር በሩ በሌላው ላይ አይዘጋም፤ ዘንድሮ ያልደረሰ ለከርሞ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ቦታ የባልንጀራ ብርታት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ያልገባውን የሚያስቀጽለው እርሱ ነውና። እነዚህን ሦስት ነገሮች ከቤተ ልሔም ብናስወግድ፣ ሊቃውንቱም ቢሆኑ በሳምንት ውስጥ ጣውንት በሆኑ ነበር።

ለሴቶች ሠራተኞች ደግሞ ከዚህ በላይ የሚጨመር ሸክም አለ። ወንድ ከሥራው ሲመለስ ሥራው ያልቃል፤ ሴት ግን ስትመለስ ምጣዱ፣ ውኃው፣ ልጁ ይጠብቃታል። ስለዚህ ባለ ትዳሪቱ ከአቅሟ በላይ ስለ ተሸከመች ከሩቁ ጎጥ ትቀራለች፤ ያላገባችው ደግሞ የሩቁ ጎጥ ሁሉ በእርሷ ላይ ስለ ወደቀ ትማረራለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን እውነታቸውን የሚሰማ ጆሮ ስላጡ እርስ በርሳቸው ተካሰሱ። ከዚህም ሌላ ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ከሌላ ሴት ጋራ እየተነጻጸረች ታድጋለች። «እገሊት እንጀራዋ ዓይናም ነው፤ እገሊት ፈትሏ ቀጭን ነው፤ አንቺስ?» ትባላለች። ወንድሟን ከጎረቤት ልጅ ጋራ በምጣድ የሚያነጻጽረው የለም። እንዲህ ሆና ያደገች ልጅ ባልንጀራዋን እንደ መስተዋት ሳይሆን እንደ ሚዛን ብታያት ይደንቃልን?

በሐዲስ ኪዳን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት በአራተኛው ምዕራፍ ሁለት ሴቶች በስም ይጠራሉ፤ ኤዎድያና ሲንጤኪ ይባላሉ። ሁለቱም በወንጌል ሥራ ከሐዋርያው ጋራ የደከሙ ነበሩ፤ እንግዲህ የሥራ ባልንጀሮች ነበሩ ማለት ነው። በመካከላቸው ምን እንደ ተነሣ መልእክቱ አይናገርም፤ በደለኛይቱንም አይለይም። ሐዋርያው ሁለቱን እኩል አድርጎ በአንድ አሳብ እንዲሆኑ ይለምናቸዋል፤ ወዲያውም ሌላ ሦስተኛ ሰው ጠርቶ እንዲያግዛቸው ያዝዛል፤ ድካማቸውንም ያነሣላቸዋል። በዚህ ውስጥ ብዙ ጥበብ አለ። ማን ናት ጥፋተኛዋ ብሎ መጀመር ጠቡን ያድሰዋል፤ ድካማቸውን በማሰብ መጀመር ግን ያበርደዋል። ሦስተኛ ሰውም ሁለት ዓይነት ነው፤ እንደ ስሑል ሚካኤል በጠቡ መካከል ገብቶ የሚወርስ፣ ወይም ሐዋርያው እንደ ጠራው ሰው የሚያግዝ።

በእኛ ቀበሌ የሚያግዝ ሦስተኛ ሰው የተገኘው ከወረዳ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በ21 የእመቤታችን ማኅበር በሚጠጣበት ቀን አንዲት እማሆይ ሁለቱን ልጆች ጠሩና በመካከላቸው አስቀመጧቸው። እኔም በማኅበሩ ስለ ነበርሁ ሰማሁ። ልጆቹ ነገራቸውን ለመዘርዘር በጀመሩ ጊዜ እማሆይ እጃቸውን አንሥተው፣ «ልጆቼ፣ ይህን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ይህ ጽዋ ወደ ቤቴ መቼ ይመጣል?» አሏቸው። ያላገባችው፣ «በኅዳር ነው፣ እማሆይ» አለች። «በምን አወቅሽ?» «ተራ አለው እኮ።» «ይህን ሁሉ ዓመት ስንጠጣ አንድም ቀን በጽዋው ተጣልተን ታውቃላችሁን? ተራው ስለ ታወቀ ነው። እናንተስ ተራችሁን ማን ያውቀዋል?» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቀላል ነው። እኔ ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ። የቀበሌውን ጎጦች በሙሉ ጻፍን፤ ከሩቁም ከቅርቡም ለእያንዳንዳቸው እኩል ሰጠን። ባለ ትዳሪቱ ሕፃን ስላላት የሩቁን በገበያ ቀን እንድትሄድ፣ በዚያም ቀን አያቱ ልጁን እንድትይዝ ሆነ። ማን በየትኛው ቀን በኬላው እንደምትቀመጥ፣ ቁልፉን ማን እንደምትይዝ፣ መድኃኒቱን ማን እንደምታመጣ በጉልህ ተጽፎ በበሩ ላይ ተለጠፈ፤ ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ ልጁን እያስነበበ አወቀው። እርቅ ሆነ ብዬ አላጋንንም። ብርድ ልብሱ እንደ ተለያየ ቀረ፤ በቡና ላይ የተባለው ቃልም አልተረሳም። ግን በሩ በሥራ ቀን ተዘግቶ አልተገኘም። ከጥቂት ወራት በኋላ ባለ ትዳሪቱ ለትምህርት ስትመረጥ፣ ያላገባችው የሁለቱንም ሥራ ብቻዋን ያዘች፤ ስትሰናበታትም ስንቅ የሚሆን ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠቻት። እኔ ይህን ያህል ይበቃል እላለሁ። ሠራተኞች ሁሉ ወዳጆች ይሁኑ ማለት ከሰው አቅም በላይ መጠየቅ ነው፤ በጠባቸው ምክንያት ግን የሰው ልጅ በበራፍ ላይ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል።

እናቶቻችን ይህን ጥበብ ከጥንት ያውቁታል። በወንፈል ዛሬ የእገሊትን አረም ያረመ ነገ የራሱ ይታረምለታል። በዕቁብም ዕጣ ይወጣል፤ የመጀመሪያውን የወሰደችና የመጨረሻውን የምትወስደው ሴት እኩል ገንዘብ ይደርሳቸዋል። የመጨረሻዪቱ ሴት የመጀመሪያዪቱን የማትጠላት ልቧ ከሌሎች ሴቶች ልብ የተለየ ስለ ሆነ አይደለም፤ የራስዋ ቀን እንደሚመጣ ስለምታውቅ ነው። ተስፋዋ የተረጋገጠላት ሰው መጠበቅ አይከብዳትም። እንግዲህ ለሠራተኞች ትምህርትና ዕድገት የምትሰጡ ሹማምንት፣ ዕድሉ ጥቂት ቢሆን ስለ ጥቂትነቱ አንወቅሳችሁም፤ አገሩ ድኻ መሆኑን እናውቃለን። የምንለምናችሁ ተራውን እንድታሳውቁ፣ ሚዛኑንም በፀሐይ ላይ እንድታወጡት ነው። ሁለት ሠራተኞችን ለየብቻ እየጠሩ አንዲቱን በሌላይቱ ላይ መጠየቅ አስተዳደር አይደለም፤ በጭድ ቤት ውስጥ ክብሪት መጫር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የሕክምና ቤቶች ተዘርፈው፣ የተጎዱ ሴቶች እንኳ የሚታከሙበት አጥተው እንደ ነበረ የሚታወቅ ነው። ከውጭ በመጣ መከራ ይህን ያህል በር በተዘጋበት አገር፣ የቀረውን በር በእርስ በርስ ቅናት መዝጋት እጅግ ያሳዝናል።

በሥራ ላይ ያላችሁ እኅቶቼ ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ባልንጀራችሁን ስትጠሏት ልባችሁ ሲነሣ፣ እርሷን ከመመልከት በፊት በእናንተና በእርሷ መካከል የተቀመጠውን ነገር ተመልከቱ። ምናልባት አንድ ወንበር ነው፤ ምናልባት አንድ የትምህርት ዕድል፣ ወይም የአንድ አለቃ ምስጋና ነው። እርሱን በስሙ ጥሩት፤ ስሙን በግልጽ ስትጠሩት ከሁለታችሁ ያነሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሥራዋን ለመንቀፍ ምክንያት ካላችሁ ሥራዋን ንቀፉ፤ ስሟን ግን አትንኩ፤ ስም አንድ ጊዜ ከተቀደደ መርፌ አይገባለትምና። ያገባችው ያላገባችዪቱን መንገድ፣ ያላገባችው ያገባችዪቱን ሌሊት አንድ ቀን እንኳ በአሳቧ ትሸከም።

እግዚአብሔር ለሚያዝዙት ቅን ፍርድን፣ ለሚታዘዙት ትዕግሥትን ይስጥ። ከቆላ ሕፃን አዝላ የምትመጣ እናትም በየትኛውም ቀን ብትመጣ በሩን ተከፍቶ እንድታገኘው ያድርግልን።